ያጠፋኋት ጆይን

ሔሊዬ፣

የሙዙ ማቶኬ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ጨው አልጨመርኩበትም። ጋዙ ሊያልቅ ነው መሰለኝ፣ እሳቱን አታብዢው። ሰማዩ ስለዳመነ ልብስሽን ከገመድ ላይ አውርጄልሻለሁ።

የትናንቱ ጥፋት ያንቺ አይደለም።

የአራቱን መጋዘኖች ዕቃ ጎን ለጎን የሚቆጥሩ አራት ትሬዶች ፈጥረሽ፣ ዋናው ፕሮግራም እነሱ ቆጥረው እስኪጨርሱ እንዲጠብቃቸው ከታች ጆይን አድርገሽ ነበር። ያቺን የጆይን መስመር ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ዝም ብሎ ከሚገተር ይፍጠን ብዬ። በትንሽ ፋይል ስሞክረው ስለሠራልኝ ሳልነግርሽ ላክሁት። ደንበኞቹ ፊት ትልቁ ፋይል ሲገባበት ግን ዋናው ቀድሞ ጨረሰና ወጣ፤ ትሬዶቹም ገና እየቆጠሩ አብረውት ጠፉ። ስክሪኑ ባዶ ቀረ።

አለቃችን ጋሽ ከፍያለው «ማነው የጻፈው?» ሲሉ «እኔ ነኝ» አልሽ።
እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ጠረጴዛውን አያለሁ።

ይባስ ብሎ ወደ ቤታችን ወደ ንቲንዳ ስንመለስ ቦዳ ሞተሩ ላይ ከኋላሽ ሆኜ «አይዞሽ፣ ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» አልኩሽ። ፊትሽን ስለማላይ ነው አፌ የደፈረው። አንቺ ደግሞ አመሰገንሽኝ።

ጆይኗን መልሼ አስገብቻታለሁ፤ በትልቁ ፋይል ሞክሬዋለሁ። አሁን የምወጣው ሌላ ሰው ቢሮ ሳይገባ ጋሽ ከፍያለውን ላገኛቸው ነው። ልቀስቅስሽ ብዬ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር።

ማታ እራትሽን ሳትጠብቂኝ ብትበዪ አልቀየምም።
በሩን ብቻ ከውስጥ አትቆልፊብኝ።

ሰርካለም