የጋሽ ሃያ የሕይወት ታሪክ፣ ከአንድ እርማት ጋር

ሁላችሁም ጋሽ ሃያ የምትሏቸው ባለቤቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸውን ጨርቅ ሲለኩ ተሳስተዋል ብለው ያረሟቸው ገና በስድስት ዓመታቸው ነው ይባላል፤ ያን ዕለት አንድ ኩርኩም ቢቀምሱ ኖሮ እኔም ባረፍኩ።

የቴክኒክ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1962 ዓ.ም. የአውሮፕላን ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ የልኬት ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው የፋብሪካው መለኪያዎች ሁሉ የሚመሳከሩበትን ዋናውን የብረት መለኪያ መጠበቅ ነበር። ብረት ሲሞቅ ለዓይን በማይታይ መጠን ስለሚለጠጥ ክፍሉ ክረምት ከበጋ ሃያ ዲግሪ ነው፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ።

በ1967 ዓ.ም. ተጋብተን ሦስት ልጆች ወለድን። ቤታችንንም ሃያ ዲግሪ ካላደረግሁ ሲሉ ልጆቹን ሹራብ በሹራብ ላይ እየደረብኩ አሳደግኋቸው። መስኮት ይከፍታሉ፣ እዘጋለሁ። ይከፍታሉ፣ እዘጋለሁ። አርባ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

በ1976 ዓ.ም. ትንሿ ልጃችን አተኮሳትና በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሥራ ቦታቸው ደወልኩ። ቶሎ ልድረስ ብለው ዋናውን መለኪያ ያለ ጓንት ያዙት፤ እስኪቀዘቅዝም ሳይጠብቁ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የክንፍ ብሎኖች በእሱ ለክተው አሳለፉ። ትኩሳቱ የጥርስ ነበር። እሳቸው ግን የሕፃኗን ግንባር ሲዳስሱ የገዛ እጃቸው ሙቀት ትዝ አላቸውና ስህተቴን ላሳውቅ ብለው ብድግ አሉ።

በር ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። ማንም አላየ፣ ሦስት ልጅ ይዘን የት እንወድቃለን፣ ካልሆነም ሚስቴ ደውላ አጣድፋኝ ነው ይበሉ አልኳቸው።

«ስልኩ ብረት አልነካም፤ የነካሁት እኔ ነኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ብሎኖቹ እንደገና ሲለኩ አሥራ አንዱ ከልክ ውጪ ሆነው ተገኙ። እሳቸው ሁለት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ እኔም ሁለቱን ዓመት አኮረፍኩ። ኋላ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው፣ ኃላፊ ሆነው፣ የጓንቱንም ደንብ ራሳቸው ጽፈው በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ሲታመሙ ብርዱ ነው ብዬ ብጨቃጨቅም ሐኪሙ ልብ ነው አሉ። ተኝተውም ነርሷን ይህ ቴርሞሜትር መጨረሻ የተመሳከረው መቼ ነው እያሉ መከራዋን አበሏት። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። አንዷ የልጅ ልጃችን እዚያው ክፍል ተቀጥራለች፤ ሹራብ ደርቢ ብላት አትሰማም፣ የማን ዘር። ያኔ ስለ ብሎኖቹ የጻፉትን ሪፖርት ከመዝገብ አግኝታ አነበበችልኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የእኔ እጅ» ብለው ብቻ ጽፈዋል። በሕይወታቸው ያጎደሉት ልኬት ቢኖር ይህ ነውና እርማቱ ይመዝገብልኝ፦ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር።

አምላክ በራሳቸው መለኪያ አይለካቸው፤ ራሳቸውን ፀጉር ታህል አይምሩም ነበር። ነፍሳቸውን በማይሞቅበት በማይበርድበት ያሳርፍልን። መስኮቱንም እንዳሻቸው ይክፈቱት፤ ከእንግዲህ አልዘጋባቸውም።