ልጃቸውን መስማት ያስተማሩት የወይዘሮ ገነቴ ሃንዲሶ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ገነቴ ከአባታቸው ከአቶ ሃንዲሶ ሎምበሶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት በ1938 ዓ.ም. በፎንቆ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው ያሳደጉን፣ ሲቆጡ ግን ከአባታችን የባሱ እቴቴ ነበሩ።

ፊደል በፎንቆ ቆጥረው፣ በሆሳዕና ተምረው፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በ1958 ዓ.ም. በሾኔ ማስተማር ጀመሩ። በ1961 ዓ.ም. ከመምህር ማቴዎስ ኤርሳዶ ጋር ተጋብተው፣ ሆሳዕና ገብተው አበራንና ትርፊትን ወለዱ።

ትርፊት በሦስት ዓመቷ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ማጅራት ገትር ታመመች። ነፍሷ ተረፈች፤ መስማት ግን አቃታት። የምታውቃቸው ጥቂት ቃላትም አንድ በአንድ ጠፉባት። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ገነቴ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከልጃቸው ጋር ማውራት።

በ1971 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመስሚያ መሣሪያ ተገኘ፤ ደረት ላይ የሚታሰር ድምፅ ተቀባይ ሳጥን፣ ከሱ ወደ ጆሮ የሚሄድ ሽቦ። መሣሪያውን የሰጠው ባለሙያ ልጅቷ በሁለት ቋንቋ እንዳትደናገር የቤታችሁን ሀዲይኛ ትታችሁ በአማርኛ ብቻ አናግሯት ብሎ አዘዘ። እኛ ደግሞ መሣሪያው እንደተከፈተ የምትናገር መስሎን በግ አርደን፣ መዘምራን ጠርተን ጠበቅናት። ከበሮው ሲመታ ልጅቷ ጮኸች፤ ሽቦውን ነቅላ አልጋ ሥር ገባች። አንዳንዱ እምነት ጎድሎ ነው ብሎ አጉረመረመ። ወይዘሮ ገነቴ «ዛሬ ተወለደች በሉ። የተወለደ ልጅ በማግስቱ ያወራል እንዴ?» ብለው ሁላችንንም አሰናበቱን።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በር እያንኳኩ «ስሚ፣ በሩ ነው!»፣ ውሃ እየቀዱ «ስሚ፣ ውሃው ነው!» እያሉ ዓመታት ደከሙ። ባትሪ ድንጋይ ከገበያ ሲጠፋ ከራዲዮናቸው አውጥተው ሰጧት፤ አቶ ማቴዎስ ዜና ሲያምራቸው ጎረቤት ይሄዱ ነበር። በሁለተኛው ዓመት «እማዬ» አለች።

ሆኖም አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን በሀዲይኛ ሲያስተምሩ ውለው፣ የገዛ ልጃቸውን በሀዲይኛ ማባበል አልተፈቀደላቸውም። አማርኛ የማያውቁት እናታችንም የልጅ ልጃቸውን የሚያጫውቱት በእጅ ምልክት ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት፣ እናታችን ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብለው በሀዲይኛ ውሃ ጠየቁ። ትርፊት ከጥናቷ ተነስታ ወሰደችላቸው፤ በዚያው በሀዲይኛ «እንኩ፣ አያቴ» አለቻቸው። ወይ የእግዚአብሔር ሥራ! ማን አስተማራት? ማንም። እኛ ስናወራ እየሰማች ለብቻዋ ለቅማዋለች። ወይዘሮ ገነቴ አለቀሱ። የባለሙያውን ትእዛዝም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዉት።

በ1979 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ያዛቸው፤ በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ታከሙ። በመጨረሻ ድምፃቸው ሰልሎ እኛ ጆሯችንን አስጠግተን እንኳ አልሰማ ሲለን፣ ትርፊት ሳጥኗን ከደረቷ ፈትታ አፋቸው ላይ ያዘችው። ለእኛ በአማርኛ፣ ለአያቷ በሀዲይኛ ነገረችን፤ «እማዬ ደከመኝ እንጂ አልከፋኝም ብላለች»።

ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በአርባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው ቀርተናል።

ጆሮን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ «አልከፋኝም» ያሉትን ቃላቸውን አምነን እንድንጽናናም ይርዳን። አሜን።

ታናሽ ወንድማቸው አክሊሉ ሃንዲሶ