ለሚስቴ ድምፅ የሚሆን ስፒከር

ሰኞ፣ የካቲት 3

የሚኒቫኑ የቀኝ በር ስፒከር ዛሬ ጨርሶ ለየለት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ እንደ ልማዳችን የእናታቸውን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ... ጭርርር! የኋላዎቹማ ከሞቱ ቆዩ። ጩጬው ከመጨረሻው ወንበር፣ "አባዬ፣ እማዬ ምን አለች?" ይላል። ትልቋ ከፊት ሆና፣ "ጥርስህን በደንብ ፋቅ አለችህ።" አላለችም! የራሷን ትእዛዝ ነው የምታስተላልፈው።

ሚስቴ ነርስ ናት። ለአንድ ዓመት ኮንትራት ርቃ ሄዳለች። እሷ ፈረቃ ስትጨርስ እኛ ተኝተናል፤ መደወል አይመችም። ስለዚህ ማታ ትቀዳለች፣ ጠዋት መኪና ውስጥ እንሰማታለን። የስልኬ ድምፅ ማጉያም ድሮ ተበላሽቷል። ደግሞ ቤት ውስጥ ሦስታችንም አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም... መኪና ውስጥ ግን ቀበቶ ታስረን የት እንሄዳለን?

ኮንትራቷ እያለቀ ነው። ለሌላ ዓመት ልፈርም ወይ ብላኛለች። እስከ ማክሰኞ ሳምንት መልስ መስጠት አለባት። "እንዳሰብሽ" አልኳት። ሥራውን ወዳዋለች፤ እንቅፋት ልሁንባት? ሌላ ዓመት ግን... እንዴት አድርጌ ነው የምችለው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስፒከር ልመርጥ ሄድኩ። ባለሱቁን ሰፈሩ "ዲሽቃ" ይለዋል፤ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ግድግዳው በሙሉ ስፒከር ነው። ቁልፍ ሲጫን አንዱ ይጮኻል፣ ሌላውን ሲጫን ሌላው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ጎረቤት ያስለቅቃል!"

"ጎረቤቶቼን እወዳቸዋለሁ።"

"እሺ፣ ምን ዓይነት ዘፈን ነው የምትሰማው?"

"ሚስቴን።"

ዝም አለ። ዲሽቃ ዝም አለ!

ስልኬን ተቀብሎ አንዱን የድሮ መልእክቷን ከፈተው። በአንደኛው ስፒከር ከጉድጓድ የምታወራ መሰለች። በሌላው ጉንፋን ያዛት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ያዳምጣሉ፤ እሷ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አንተ ሰውዬ፣ ካልሲህን አልጋ ስር አትወርውር።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ከዚያ አንዱን ተጫነ። እሷው ራሷ! ሻከር ያለችው ድምጿ፣ ልትስቅ ስትል የምትስባት ትንፋሽ ሳትቀር።

"ይሄ ነው" አልኩ።

"ቤዙ እኮ ደካማ ነው፣ ወንድሜ።"

ይሁና።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ራሴ እገጥመዋለሁ ብዬ ተኩራርቼ ነበር። በሩን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ዘጋሁ... መስታወቱን ሳወርደው ግማሽ ላይ ቀጥ! የስፒከሩ ማግኔት ወፍራም ነው ለካ፣ መንገድ ዘግቶበታል። የበሩን ቀዳዳ ስፋት ለክቼ ጥልቀቱን አልለካሁም። ትልቋ እጇን አጣጥፋ፣ "አባ፣ ብርድ ልብስ ላምጣ?" ትለኛለች። የእናቷ ምላስ!

ወደ ዲሽቃ ተመለስኩ። እስኪበቃው ሳቀብኝ። ከስሩ ቀለበት አስገብቶ ስፒከሩን ከመስታወቱ ራቅ አደረገልኝ፤ የኋላዎቹንም ገጠማቸው።

እሁድ፣ የካቲት 9

የትራሷን ልብስ አጠብኩት። ምነው እጄን በሰበረው... ጠረኗም ሄደ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ጠዋት ድምጿ መኪናውን ሞላው። ጩጬው ስለ ፈተናው ስትጠይቀው ከኋላ ሆኖ መለሰላት፤ የምትሰማው መስሎት። ትልቋ እንኳ አልሳቀችበትም።

"...ደህና ዋሉልኝ የኔ ጌጦች" አለች። እዚህ ላይ ነበር ሁልጊዜ የሚያበቃው። ዛሬ ግን ቅጂው ከመዘጋቱ በፊት ትንፋሿ ተሰማ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ለራሷ፦ "ምናለ አንዴ ነይ ቢለኝ..."

እጄ መሪው ላይ ቀረ።

"አባዬ፣ ማን ነይ እንዲላት ነው?" አለ ጩጬው።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ምን ልበለው? ስንቴ እንዲህ ብላ ይሆን፣ ያ ጭርርር የሚሉት ነገር የበላብኝ? እኔ ደግሞ "እንዳሰብሽ"! ደግ የሆንኩ መስሎኝ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ትናንት ልጆቹን አውርጄ እዚያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደወልኩላት። ሥራ ላይ ነበረች። ደንግጣ፣ "ልጆቹ ምን ሆኑ?" አለች።

"ነይ" አልኳት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "አትፈርሚ። ናፍቀሽኛል፣ ነይ።"

ከኋላዋ ሰው ይጠራታል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል... ሁሉም በአዲሶቹ ስፒከሮች ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እያለቀሰች ነበር።

"ይቺን ለማለት ዓመት ፈጀብህ?"

"ፈጀብኝ" አልኳት።

"በል እመጣለሁ" አለች።