የሐሙስ ጥይት

ማርች 5፣ ሐሙስ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይኼ ነው፤ እኛ ዘንድ ጥይት በኢንተርኔት የገዛ ሰው ጥይቱ ቤቱ ድረስ አይመጣለትም። የሚላከው ገዢው ከዝርዝሩ ለመረጠው የአካባቢ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የመሣሪያ ፈቃድ ያያል፣ መዝገብ ላይ ያስፈርማል፣ የማስረከቢያ ክፍያ ይቀበላል፣ ያስረክባል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ትርጓሜውን ሳላስቀድም ወደ ምሳሌ ሄጄ አላውቅም። ለራሴም ስጽፍ ልማዱ አልለቀቀኝም።

ምሳሌ። ሃምሳ ፍሬ የያዘ አንድ ፓኬት፣ ሃያ ሁለት ዶላር። ማጓጓዣ፣ አሥራ አምስት። ማስረከቢያ፣ ለነጋዴዬ ለሜርቭ፣ ሃያ አምስት። ድምር ስልሳ ሁለት። ሜርቭ ኮርቻና የእንስሳት መኖ በሚሸጥበት ሱቁ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ያንኑ ዓይነት ጥይት በሃያ ስምንት ይሸጣል።

ታዲያ ለምን?... የምርት ቁጥሩ። የአንድ ቀን ምርት ከሌላው ቀን ምርት እኩል አይመታም። በሃምሳ ሜትር ዒላማ የሚተኩስ ሁሉ ይኼን ያውቃል። የእኔ ቁጥር 4417 ነው፣ ሜርቭ ጋ የለም። ምክንያቱ ይኼ ብቻ ነው።

የዛሬው ፓኬት ደርሶ ነበር። እንደ ወትሮው አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ማንቆርቆሪያው ፈልቷል፤ በርጩማዬ ከባንኮኒው አጠገብ፤ ሁለት የዝንጅብል ብስኩት በሳህን።

«ፈቃድዎን፣ ሚስ ቴይት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይተኸዋል።»

«ሕግ ነው። ደግሞ ፎቶው ላይ እንዴት እንደተቆጡ ሳላይ ሐሙስ አይሆንልኝም።»

ካረንን፣ የሱን ልጅ፣ ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ «ሚስ» የሚለኝ። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት። ስለ ዝናብ አወራን፤ ስለ ኮርቻ ዋጋ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

የዒላማ ተኩስ ክለባችን ቀን። 592 ከስድስት መቶ። ነፋስ ከግራ፣ ቀላል።

አዲስ ሴት መጥታለች። ግሌኒስ። ከባሕሩ ዳር መጥታ የድሮውን ፖስተኛ ቤት ገዝታለች አሉ። ስልሳ ሁለት ቢሆናት ነው። ቀይ ሊፕስቲክ፣ ቀይ መኪና። ሰው ሲያወራት እጁን ትነካለች። የክለቡን ጠመንጃ ተውሳ ተኮሰች። ከአሥሩ ጥይት አራቱ የዒላማውን ወረቀት ጭራሽ አላገኙትም፤ በየጥይቱ ትስቃለች።

በሻይ ሰዓት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው... «ጥይቴን እኮ በኢንተርኔት ነው የማዝዘው። በሜርቭ በኩል። አንድ አንድ ፓኬት።»

«አንድ አንድ?»

«አዎ። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ውዴ!»

የምርት ቁጥር ለሷ ምኗ ነው? ወረቀት ለማትመታ ሴት! ከዚያ ውጭ ምን ምክንያት ይኖራታል? መንገድ ላይ እየነዳሁ ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። ሃያ ስምንት የሚያወጣውን ነገር በስልሳ ሁለት የሚገዛ ሰው ጥይት ፈልጎ አይደለም።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነበር የማውቀው።

ማርች 19፣ ሐሙስ

በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች።

በርጩማው የሱቁ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። አውቃለሁ። ቢሆንም...

ሳህኑ ላይ የቸኮሌት ብስኩት። አሥራ አንድ ዓመት ዝንጅብል በልቼ ቸኮሌት መኖሩን ዛሬ አወቅሁ። «ሜርቪ» ትለዋለች። እሱም «ግሌን፣ አንቺ ደግሞ!» እያለ ይስቃል። ጥርሱ እንደዚያ እስከ ኋላ ድረስ እንዳለ አላውቅም ነበር።

እኔ ስፈርም መዝገቡ ተገልጦ ነበር። የሷ ስም ከእኔ በላይ። የማስረከቢያ ክፍያ በሚለው ዓምድ፣ በእኔ አንጻር ሃያ አምስት። በሷ አንጻር ሰረዝ።

ሃያ አምስቱን ቆጥሬ ሰጠሁት።

«ሻይ ልቅዳልዎ?»

«አመሰግናለሁ፣ ቸኩያለሁ።»

ወዴት ነው የቸኮልኩት? ከእህል ጎተራው ፊት መኪና አቁሜ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

ማርች 20፣ ዓርብ

ሰረዝ።

ማርች 28፣ ቅዳሜ

578። ከስድስት ዓመት ወዲህ ዝቅተኛው።

ግሌኒስ ከጎኔ ተኝታ ስትተኩስ ሁለቱን ጥይቷን የኔ ወረቀት ላይ አሳረፈቻቸው። ወረቀቴ ላይ ትርፍ ቀዳዳ ስቆጥር ደረስኩባት። «ይቅርታ ሚስ ቴይት! ዒላማሽን ወሰድኩብሽ!» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ።

ኖርም፣ የክለቡ ኃላፊ፣ ወረቀቶቹን ሲሰበስብ ጠጋ አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ክፍልፋይ አልገባ ብሎት ያለቅስ ነበር።

«ሚስ፣ ደህና ነዎት? ጥይትዎ ዛሬ ተበታትኗል።»

«ነፋሱ ነው።»

ነፋስ አልነበረም። እሱም ያውቃል።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ፓኬትም አልነበረኝ።

ትዕዛዝ ልሰጥ ተቀመጥኩ። ገጹ መጨረሻ ላይ ነጋዴ ምረጥ የሚል ዝርዝር አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጣቴ ሳያስብ የሜርቭን ሱቅ ይነካ ነበር። ዛሬ አላስነካሁትም። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችውን ከተማ፣ ቱውምባን፣ እዚያ ያለውን ትልቅ ሱቅ መረጥኩ። ያዘዝኩትም አንድ ፓኬት አይደለም፤ አምስት መቶ ፍሬ፣ ሙሉ ካርቶን። ክረምቱን ሁሉ ወደማንም እንዳልሄድ።

ማስረከቢያቸው አሥራ አምስት ነው። በፓኬት ሲካፈል አንድ ዶላር ከሃምሳ። ሒሳቡ ልክ ነው። ከመጀመሪያውም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ቅናት ነው? አይደለም። ቁጠባ ነው።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

የጠረጴዛ ልብስ በካውያ ተኮስኩ። አራት።

ኤፕሪል 16፣ ሐሙስ

ዳቦ ለመግዛት በሜርቭ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ዳቦ ቤቱ በዚያ በኩል አይደለም። ቀይዋ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። አሥር ሰዓት ከሩብ።

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

ቱውምባ ሄጄ ካርቶኑን ተቀበልኩ። ፈቃድ አሳየሁ፣ ፈረምኩ፣ ከፈልኩ። ሦስት ደቂቃ። ሴትየዋ ፎቶዬን አየች፤ ስለ ቁጣዬ ምንም አላለችም። «ቀጣይ» አለች።

ካርቶኑ ኋላ ወንበር ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አብሮኝ መጣ። በመስታወት እያየሁት። እንዲህ በርካሽ ጥይት ገዝቼ አላውቅም... እንዲህም የከበደኝ ዕቃ የለም።

ሜይ 2፣ ቅዳሜ

ሁሉንም እንደተባለው ልጻፈው፤ ነገ ሳስበው እንዳላጣምመው።

ኖርም ወረቀት እየሰቀለ፦ «ሜርቭ የጥይት ንግድ ፈቃዱን አላድስም ብሏል፣ ሰምተዋል? በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ሱቁን ዘግቶ ወደ ካረን፣ ባሕሩ ዳር።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። 'ጥይት በእኔ በኩል የሚያስመጣ ሰው የለም፣ ለማን ብዬ ነው የማድሰው' አለኝ። እርስዎም ወደ ቱውምባ ዞሩ አሉ... እኔ ነኝ የነገርኩት። መኪናዎ ውስጥ ካርቶኑን አይቼ። ጥፋት ሠራሁ?»

ጥፋት አልሠራህም አልኩት።

ከዚያ የክለቡ ሻይ ክፍል ውስጥ ግሌኒስን አገኘኋት። ብቻዋን ኩባያ ታጥባለች። ጠላት እንደሚጠጉት ተጠግቼ፦

«አንቺ አለሽ አይደል? ጥይትሽን በሱ በኩል ታስመጫለሽ።»

«እኔ? ትቼዋለሁ እኮ ከማርች ጀምሮ! መደርደሪያው ላይ መኖሩን መች አወቅኩ፤ አዲስ ነኝ። ሁለተኛው ፓኬት ሲመጣ ራሱ ነው የነገረኝ። 'ግሌን፣ ገንዘብሽን ለምን ትጥያለሽ፣ ይኸውልሽ በሃያ ስምንት' አለኝ። የማስረከቢያውንም ማርልኝ አልኩት፣ ማረልኝ። ሰው ካልጠየቀ ምን ያገኛል?»

«ሐሙስ ሐሙስ ግን መኪናሽ...»

«የውሻዬን ምግብ እወስዳለሁ።» ኩባያውን አስቀምጣ ዞራ አየችኝ። «እንዴ፣ ትቆጥሪኝ ነበር?»

ከታጠቡት ኩባያዎች አንዱን አንስቼ ማድረቅ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ጥፋት ሲገኝባቸው እንዲሁ ሰሌዳ ለመጥረግ ይነሡ ነበር።

«ስሚ ውዴ፣» አለች፣ «እኔ አፌ አያርፍም፣ ጠይቄዋለሁ። ለኔ የነገርከኝን ለሚስ ቴይት ለምን አትነግራትም አልኩት። 'ብነግራት መምጣቷን ትተዋለች' አለኝ። ክፍያውንስ አልኩት። 'በመጀመሪያው ቀን ልተውላት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ እኔ የሰው ውለታ አልወድም፣ ክፍያውን ካልተቀበልከኝ ሌላ ነጋዴ አለ፣ አለችኝ' አለ። እውነት እንደዚያ ብለሽዋል?»

ብዬዋለሁ። ቃል በቃል።

ስትወጣ በር ላይ ቆመች። «ጥሩ ሰው ነው ሜርቪ። የማትፈልጊው ከሆነ ንገሪኝ፤ እኔ ውለታም ብስኩትም እወዳለሁ።»

አሁንም እጠላታለሁ። ትንሽ።

ሜይ 7፣ ሐሙስ

አሥር ሰዓት ላይ ሄድኩ። የምቀበለው ፓኬት ሳይኖረኝ። በዚያ በር ያለ ጉዳይ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን የት እንደማኖረው ጠፋኝ።

ማንቆርቆሪያው ቀዝቃዛ። በርጩማው ባንኮኒው ላይ ተገልብጦ። ኮርቻዎቹ ግማሾቹ ሳጥን ገብተዋል። የፈቃድ ማደሻው ቅጽ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ስሙ እንኳ አልተጻፈበትም።

«ሚስ ቴይት! ዕቃ የለዎትም እኮ ዛሬ።»

«አውቃለሁ።»

«ቱውምባ ርካሽ ነው አሉ። ደግ አደረጉ፤ እኔም ብሆን...»

«ሒሳቡ...» አልኩና ቆምኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዓረፍተ ነገር መሃል ቆሜ አላውቅም።

ጠበቀ። ሜርቭ ሰውን መጠበቅ ያውቅበታል። እኔ ግን የዓሣ መንጠቆ ገዝቼ ወጣሁ። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም።

ሜይ 8፣ ዓርብ

ጠዋት ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ቁልፍ ያለውን፣ የብረቱን። ካርቶኑ እንዳለ፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ ያልተከፈቱ ፓኬቶች... ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስት ሐሙስ። አንዱንም አልተኮስኩትም።

ይኼን ማስታወሻ ማንም አያነበውም፤ ሆኖም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዋሽቻለሁ፣ እዚሁ ላርመው። ምክንያቱ ይኼ ብቻ ነው ያልኩት ስሕተት ነው። 4417 ገበያ ላይ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እነዚህ ሁሉ ሌላ ቁጥር ናቸው።

ተቀምጬ አንድ ፓኬት አዘዝኩ። ዝርዝሩ ውስጥ የሱ ሱቅ አሁንም አለ። ነካሁት። ከሥሩ ለነጋዴው መልእክት ካለዎት የሚል ባዶ ሣጥን አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት ባዶ ያለፍኩት። የጻፍኩት ይኼ ነው፣ ሳላስተካክል ገለበጥኩት።

«ሜርቭ፣

ይህ ፓኬት አያስፈልገኝም። ቤት ውስጥ ሠላሳ ስድስት አሉኝ። የምፈልገው የምርት ቁጥር ካለቀ ሁለት ዓመት እንዳለፈው አንተም ታውቃለህ፤ ሁልጊዜ በእጅህ አገላብጠህ አንብበህ ነው የምትሰጠኝ። ያንኑ ጥይት ካንተ በሃያ ስምንት መግዛት እንደምችልም አውቃለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ወደ ቱውምባ የዞርኩት ስለቀናሁ ነው፤ በቸኮሌት ብስኩት ቀናሁ።

በሕይወቴ ውለታ ጠይቄ ስለማላውቅ አጠያየቁን አልችልበትም። የዚህን ፓኬት ማስረከቢያ ማርልኝ። ቅጹንም ሙላ። ላለማደስ ከቆረጥክ ደግሞ፣ ሱቅም ጥይትም ሳይኖር ሐሙስ አሥር ሰዓት የት ልምጣ? በርጩማውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ፈቃድህ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው፣ እኔም ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሮዝሊን»