በየበረቱ የገቡት የቄስ ዘርአ ዳዊት የሕይወት ታሪክ

ቄስ ዘርአ ዳዊት ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ሕይወትና ከእናታቸው ከለተጊዮርጊስ በ፲፰፻፴፬ ዓመተ ምሕረት በአንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ተወለዱ። ንባብና ዜማ ከአባታቸው፣ ቅዳሴውን ደብረ ብርሃን ሄደው ተማሩ። በ፲፰፻፶፫ ወለተሐናን በቁርባን አግብተው፣ ቅስና ተቀብለው የአፋፍ ሚካኤል አገልጋይ ሆኑ። ወርቅአገኘሁንና አመተ ማርያምን ወልደዋል።

ፍጥረትን መመርመር ይወዱ ነበር። ጭላዳ ገደሉ ላይ እንዴት እንደሚያድር፣ ንብ የቱን አበባ ትታ ወደየቱ እንደምትሄድ፣ የጥጃን ሆድ የሚነፋው ሣር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሜዳ ላይ ይውሉ ነበር። የደብሩ አለቃ ቄስ ነዎት ወይስ እረኛ እያሉ ቢዘልፏቸውም፣ የፈጣሪን ሥራ ማየት ምን ነውር አለው ብለው በዚያው ቀጠሉ። እኔ ጸሐፊው፣ የወንድማቸው ልጅ ኪዳነ ማርያም፣ እልኸኛ ነበሩ ብል አልዋሽም።

በ፲፰፻፹፩ የከብት እልቂት ከቆላ ወጣ። የአልዩ አምባው ነጋዴ ዘይኑልአቢዲን በሽታው የሚዛመተው ከብት ከከብት ሲገናኝ ነው ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ስለዚህ ከብቱ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነድቶ ጸበል ይረጭ ሲባል እሳቸው ብቻ እንቢ አሉ። ከብታችሁን በየበረታችሁ አቆዩ፣ ጸበሉን እኔ አመጣላችኋለሁ አሉ። አለቃው ተቆጡ፤ ሕዝቡ ግን ሰማቸው። በየበረቱ ገብተው ረጩ። ልማዳቸው አልለቅ ብሏቸውም የታመመውን ከብት አፍ ከፍተው ቁስሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው በረት ያልፉ ነበር።

በሬው በየተራ ወደቀ። በሰፈሩ በሬ የተረፈላቸው ደመቀች የተባሉ ባልቴት ብቻ ናቸው። ሴትዮዋ ከቄሱ ጋር በድንበር ተጣልተው ስለነበር በራቸውን ዘግተውባቸዋል። ቄስ ዘርአ ዳዊት ይህን ሲሰሙ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ እህልም አልቀምስ አሉ። ቢናገሩ ክህነታቸውን እንደሚያጡ፣ ምናልባትም እንደሚደበደቡ ሚስታቸው እያለቀሱ ነገሯቸው። እሳቸው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«በሽታውን በየቤታችሁ ያዞርሁት እኔ ነኝ። ጸበሉ አይደለም፤ እጄ ነው። እስካሁን ያልገባሁባችሁ ሰዎች፣ ማንንም በረታችሁ አታስገቡ» አሉ።

ድንጋይ ያነሣ ሰው ነበር። አለቃው መስቀላቸውን ወሰዱባቸው፤ ሰላም የሚላቸውም ጠፋ። የታችኞቹ መንደሮች በዚያ ቃል በራቸውን ዘግተው ጥቂት በሬ ተርፎላቸዋል፤ ይህም ሊነገርላቸው ይገባል። እሳቸው ግን በሬ ባለቀበት ሰው መሬት ላይ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ በዶማ ሲቆፍሩ ከረሙ። ገበሬው ሲያያቸው ፊቱን ያዞር ነበር።

በረኃቡ ላይ በገባው ተስቦ ታመው ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓመተ ምሕረት በተወለዱ በ፵፰ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው እዚሁ በፊታችሁ ቆመዋል።

ሲናዘዙ የለመኑት አንድ ነገር ነው። በሬ ያለቀበት ቤት ሁሉ በየተራው እግዚአብሔር ይፍታህ ሳይለኝ አልቀበር፤ የማይሆንለት ካለ ግን አታስገድዱት ብለዋል። መቃብሩ ተቆፍሯል፤ አስከሬናቸው ግን ይጠብቃል።

ከእኔ ቤት ጥማድ በሬ ሞቷል። ልጆቼ ከዚያ ወዲህ ጠግበው አላደሩም፤ እሳቸውንም ተቀይሜያቸዋለሁ። አጎቴ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ፤ ነፍስዎንም ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያኑርልን።

ቀጣዩ ቤት ይናገር።