የአባትህ ድቤ

ልጄ ያህያ፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይህ፤ የጅዳውንም ሙቀት ያቅልልህ። እዚህ አቃቂ ዝናቡ አላባራም፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጅ ሰፈር አይገባም።

እህትህ ኢንቲሳር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቃል ሳትተነፍስ መዋል ከጀመረች ሰነበተች። ሐኪሙ "ያጫውቷት" አለኝ። በምን ላጫውታት? አባታችሁ ሲሞት "በሐዘን ቤት መንዙማ የለም" ብዬ መንዙማ ሲል የሚመታውን ድቤ ሰቀልኩት፤ ሐዘኑ ሲያበቃም አላወረድኩትም። አንተ ስታንጎራጉር እንኳ ዝም አሰኘሁህ።

ባለፈው ሐሙስ አወረድኩት። ቆዳው ረግቦ ነበር፤ ከሰል አጠገብ አሙቄ መታሁት። ኢንቲሳር ዞር ብላ "እማ፣ ተይው፤ የአባዬን መንዙማ የሚያውቀው ያህያ ነው" አለችና ተመልሳ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ልጄ፣ የአባትህን መንዙማ በራስህ ድምፅ ቀድተህ በስልክ ላክልኝ። የምታስታውሰውን ያህል ይበቃል። ዛሬ ዝም በል አልልህም። አላህ ድምፅህን አያሳጣን።

እናትህ ጣይባ