በቀይ የገባችው «በ»

ለውድ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከዐይኔ ከራቅሽበት ዕለት አንሥቶ ከልቤ ላልወጣሽው ለአንቺ፣ ሰላምታዬ ባሕሩንና የብሱን ተሻግሮ ከደጃፍሽ ይድረስልኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንደምን ነው? ብርድ በገባ ቁጥር ደረጃ አላስወጣ የሚልሽ ግራ ጉልበትሽ፣ ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈለት የተባለው ቀኝ ዐይንሽ፣ ከእናታችን የወረስሽው ያ የራስ ምታት፣ ሁሉም እንዴት አድርገውሽ ከረሙ? ባለቤትሽ ሹፌሩስ፣ መሪ ከለቀቀ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ በእንቅልፉ ማርሽ መቀየሩን ተወ ወይስ ዛሬም ብርድ ልብሱን እየገፈፈ ዳገት ያስወጣሻል? እኔ፣ አምላክ ይመስገንና፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፤ ደኅንነት ማለት ይህ ከሆነ ደኅና ነኝ።

ካንቺ ደብዳቤ ካየሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የዝምታሽ ምክንያት ሳይገባኝ፣ «ሰው ሲያረጅ ወንድሙንም ይረሳል» እያልሁ፣ ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ ላይ ከምሬ፣ ራሴን እንደ ተበደለ ሰው እያባበልሁ ቆይቻለሁ። ምክንያቱ የተገለጠልኝ ባለፈው ማክሰኞ፣ በልጄ ማድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ድስት ፓስታ ነው። አትሳቂ እትዬ። በልጅነቴ ሽታ ተከትዬ ብቅ ባልሁ ቁጥር «አንተ ሽታ ለቃሚ፣ ውጣልኝ!» እያልሽ በማማሰያ የምታባርሪኝ እኔ፣ በሰባ አራት ዓመቴ ሽርጥ ታጥቄ ከምድጃ ፊት ቆምሁ።

ስለ ልጄ ባል ከዚህ በፊት በጻፍሁልሽ ጊዜ እንዴት አድርጌ እንደ ጻፍሁት አስታውሳለሁና፣ እያፈርሁም ቢሆን እንደገና ልንገርሽ። መርከብ በሚጠገንበት ግቢ በበያጅነት የሚሠራ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዲቱ የመጣ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮት የሚስቅ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «ደሴቱ» ነበር የምለው፤ እርሱም የቁልምጫ ስም መስሎት «አቤት አባባ!» እያለ ይመጣ ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው እሑድ የሀገሩን ምግብ ሊያቀምሰኝ ከማለዳ ጀምሮ ሲንጎዳጎድ ውሎ፣ ሽሪምፕ የሚሉትን እንደ ጥያቄ ምልክት የተቆለመመ የባሕር ፍጥረት፣ ዛጎሉን እንደ አፍ ከፍቶ የሚያፈጥ ሌላ ፍጥረት ጨምሮ፣ ይህን ሁሉ በኮኮናት ወተትና በክሬም በለሰለሰ፣ በቃሪያ በተቆጣ ስጎ ውስጥ ዘፍቆ፣ በፓስታ ላይ ገልብጦ አቀረበልኝ። እኔም ሳሕኑን በአንድ ጣቴ ገፋ አድርጌ፣ ቋንቋችንን አይሰማም ብዬ፣ «ልጄ፣ ባሕር የተፋውን ሁሉ ሰው ይጎርሳል እንዴ? ደግሞስ ፓስታ በወተት የሚቀርበው ለአራስ ነው ለበሽተኛ?» አልኋት። «ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ትኩስ ነው፣ ትንሽ ይብረድልኝ አለ» ብላ ተረጎመችለት። ሳሕኑ በረደ፤ እንደ በረደም ተነሣ።

ሰውየው ግን ቂም የሚባል ዕቃ በቤቱ አልነበረውም። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከብየዳ ሲመለስ፣ ዐይኑ በእሳት ብልጭታ ቀልቶ፣ ብረት ለማጣበቅ እንጂ ብዕር ለመያዝ ባልተፈጠረው በዚያ ጠባሳ በሞላበት ጣቱ፣ ከልጄ ዘንድ ፊደል ቈጠረ። በመጨረሻም አንድ ቀን አንድ ገጽ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ርእሱ «የባሕር ፓስታ ለአባባ» ይላል። የመጀመሪያውን መስመር ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «አባባ፣ ምን ውስጥ እንዳለ አንተ ስለማታውቅ ፈራህ። አሁን እወቅ።» ከዚያ በታች የምግቡን አሠራር ከሽንኩርቱ ጀምሮ እስከ ሎሚው ድረስ አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። እኔ ደግሞ፣ እትዬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት በአራሚነት የኖርሁ ሰው፣ ወረቀት ሲሰጡኝ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ደረት ኪሴ፣ ወደ ቀዩ ብዕር ነው። ልብ ከኪሱ በስተ ኋላ አለ፤ እጄ እዚያ ድረስ ዘልቆ አያውቅም። «አሳ» ያለውን «ዓሣ» አደረግሁ፤ «ሽሪምፑን ደና አድርገህ እጠብ» ያለውን «ደኅና አድርገው ይጠቡ» አልሁ፤ «አንተ» ባለበት ሁሉ ሰርዤ «እርስዎ» ጻፍሁ፤ «ቃሪያ ሙሉ ጨምር» የምትለዋን ሰዋስው የጎደላትን ዐረፍተ ነገር፣ አንዲት «በ» አስገብቼ፣ «ቃሪያውን በሙሉ ይጨምሩ» ብዬ አቃናኋት። በሠላሳ አንድ ቦታ አርሜ፣ ከግርጌው «ተስተካክሎ እንደገና ይጻፍ» የሚል ቃል ሰጥቼ መለስሁለት።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። የሥራ ጓደኞቹ በመጡ ቁጥር በጣቱ እያሳየ፣ «አባባ ደብዳቤዬን አነበበው፤ ያልነካው መስመር የለም» እያለ ይኩራራበት ነበር። አንድ ቀን ቋንቋችንን የምትችል የልጄ ባልደረባ አንብባ ከት ብላ ሳቀች። የሳቋን ምክንያት ጠየቃት፤ ቀዩ ሁሉ የስሕተት ምልክት መሆኑን ነገረችው። እርሱም አብሯት ለመሳቅ ሞከረ፤ ትከሻው ግን አልተከተለውም። በማግሥቱ ወረቀቱ ከማቀዝቀዣው ላይ ተነሣ፤ የት እንደ ገባ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ የእኛን ፊደል ሲጽፍ ያየው የለም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ማለዳ እየዘፈነ ወጥቶ፣ የብየዳ ጭምብሉን እንዳጠለቀ ልቡ ቆመች። ከቀብር ስንመለስ ልጄ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ አጠገቤ መጥታ፣ «ውኃ ይፈልጋሉ?» አለች። ከኋላዬ ሌላ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ ዘወር አልሁ። ማንም አልነበረም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በአንድ ትራስ ያሳደግኋት፣ «አንተ አባባ፣ ጫማህን አውልቅ!» እያለች ስትቆጣኝ የኖረች ልጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ «ይብሉ»፣ «ይረፉ»፣ «መድኃኒትዎን ዋጡ?» ትለኛለች። ባዕድ ቢሰማ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይላል። እትዬ፣ በር ጓ ተደርጎ ቢዘጋብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያንኳኩት በር ይሆን ነበርና። በአክብሮት የተዘጋን በር በየት በኩል ያንኳኩታል?

ባለፈው ማክሰኞ ዓመት ሞላው። ባለፈው ወር መክፈቻ ስፈልግ ወረቀቱን በማንኪያው መሳቢያ ግርጌ አግኝቼው ነበርና፣ «ይህን ምግብ በእጄ ሠርቼ ባቀርብላት፣ ምናልባት አንድ ጊዜ 'አንተ' ትለኝ ይሆናል» ብዬ አሰብሁ። ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር፤ አልዋሽሽም። ማለዳ ወጥቼ ሽሪምፑንና ዛጎሉን ከዓሣ ሻጩ ገዛሁ። ቃሪያው፣ ቆብ የደፋ የሚመስለው ያ ቢጫና ጨምዳዳ የደሴቶቹ ቃሪያ፣ ስምንት ስምንት ሆኖ በከረጢት የታሠረ ነው። አትክልት ሻጩ አንድ ጣቱን አንሥቶ፣ ቀጥሎ አፉን በእጁ እያራገበ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ቋንቋው ስለማይገባኝ፣ አንድ ከረጢት ይበቃዎታል የሚል መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ወረቀቱን በስኳር ዕቃው አስደግፌ አቆምሁት። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጦስኙን አከታተልሁ፤ ሽሪምፑን ደኅና አድርጌ አጠብሁ፤ ግራጫ ሥጋው በቅቤው ላይ ሲቀላ እያየሁ፣ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ለመናቅ ምን ያህል መደደብ እንዳለበት ተገረምሁ። የኮኮናቱን ወተትና ክሬሙን ባፈሰስሁበት ጊዜ ስጎው እንደ ሐር ለዘበ። ከዚያ ቃሪያው ጋ ደረስሁ። የራሴን እርማት፣ እንደ ፍጹም ቃል አምኜ፣ አነበብሁ፤ ስምንቱንም ከነፍሬው ከትፌ፣ በሙሉ ጨመርሁ። መነጽሬ በእንፋሎት ታወረ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ጎረቤቱ በግድግዳው ማዶ አስነጠሰ። እኔ ግን «የደሴት ሰው እንዲህ ነው የሚበላው» ብዬ ፓስታውን አጥልዬ ከስጎው ጋር አዋሐድሁት።

ልጄ ደም ከምትመረምርበት ቤተ ሙከራ በዐሥር ሰዓት ተመለሰች። በሩን እንደ ከፈተች ቆመች። ሽታው ነው ያቆማት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ልጽፈው አልችልም፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ሞቱ ውሸት ሆኖላት ነበር። ከዚያ እኔን በሽርጥ አየችኝ፤ ፊቷም ወደ ቦታው ተመለሰ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አንድ ሹካ ጎረሰች፤ ሳለች፤ ዐይኗ በእንባ ሞላ። «ስንት ቃሪያ ነው የጨመሩበት?» አለችኝ። «ስምንት፤ በሙሉ ይላል» አልኋት። «አንድ ነው» አለች፤ «አንድ ብቻ፤ ሳይቆረጥ፣ ሙሉውን። ስጎው ላይ ይንሳፈፍና ሳይፈነዳ ይወጣል። እሱ የጻፈው እንደዚያ ነበር።» ወረቀቱን ከስኳር ዕቃው ላይ አንሥታ፣ በቀዩዋ ፊደል ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «ይቺ የማን ናት?» አለች። «የእኔ ናት። አንዲት ፊደል እኮ ናት፣ ልጄ» አልሁ። «አዎ፤ አንዲት ፊደል ናት» አለች።

ያን ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ በጉሮሮዬ የያዝሁት ጥያቄ አመለጠኝ፤ «ስለምን እርስዎ ትይኛለሽ?» አልኋት። አልጮኸችም። «እርስዎ አይደሉ ያረሙት?» አለችኝ፤ «ሰባት ቦታ 'አንተ' ተሰርዞ 'እርስዎ' ተብሏል። እሱ ሳይማረው ሞተ። እኔ ተማርኩለት።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታ ደግሞ በክሬምም እንደማይታሽ ያን ዕለት አየሁ። ሳሕኑን ላነሣባት እጄን ብዘረጋ ከለከለችኝ። «ተዪው ልጄ፣ ይፈጅሻል» ብላት፣ «ሆድ ይፍጀው» አለችና፣ ላብና እንባዋ በአንድነት እየወረደ፣ የባሏን ምግብ አንዲት ክር ፓስታ ሳታስቀር ጨረሰችው። ከዚያ ሳሕኗን አጥባ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከሙ» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

በእኛ ሙያ፣ አራሚ ተሳስቶ የነካውን ቃል ሲመልስ፣ ከቃሉ ሥር ነጠብጣብ ያሳርፍና በዳር «እንዳለ ይቆይ» ብሎ ይጽፋል። በማግሥቱ ከእንቅልፏ ሳትነሣ ወረቀቱን አውጥቼ፣ በሠላሳ አንዱም ቦታ፣ ከእርሱ ከተንጋደዱት ፊደላት ሥር ነጠብጣብ አሳርፌ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ «እንዳለ ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ አየችው። ብዙ ቆማ አነበበችው። «አሁንም በቀይ?» አለች። በኪሴ ሌላ ብዕር እንዳልነበረኝ እንኳ ለመናገር አልደረስሁም፤ ወረቀቱን አጥፋ በሥራ ቦርሳዋ ከተተችው። መሳቢያው ዛሬ ማንኪያ ብቻ ነው ያለበት።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አልቀረም። የመጨረሻ ደብዳቤሽ «እኔ ደና ነኝ፤ አንተስ አይንህን እንዴት ነህ?» ይል ነበር። እኔ በዐሥራ አንድ ቦታ አርሜ፣ በፖስታ፣ ለራስሽ መለስሁልሽ። ፊደል ያስቈጠርሽኝ አንቺ፣ የሽሮ እህል በምትለቅሚበት ሰፌድ ላይ በጣትሽ «ሀ» ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ! ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ደሴቱም ጨዋታ መስሎት ነበር። እትዬ፣ በዚህ ዓለም ላይ «አንተ» የምትለኝ አንቺ ብቻ ቀረሽ። እንዳመጣልሽ ጻፊልኝ፤ ዓሣውን በአልፋው «አ» ጻፊው፤ ስደቢኝ፤ ብቻ «አንተ» በይኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በእርሳስ ነው፤ ያስቀየመሽ ነገር ካለ በላጲስ አጥፊው።

ለባለቤትሽ ለሹፌሩ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ይሁንለት። አዋላጇ ልጅሽ፣ ስንቱን በእጇ ተቀብላ «እንኳን መጣህ» ያለችው፣ እጇን ሳሚልኝ። የፊት ክፍሉን የተከራየውን ሰዓት አዳሽም፣ ዛሬም የራሱ ሰዓት ቆሞ የሰው ሰዓት የሚያስተካክል ከሆነ፣ ዱሮ የሳቅሁበትን ይቅር ይበለኝ በይልኝ። የልጄን ሰላምታ በራሴ ቃል ልጨምርልሽ አስቤ ነበር፤ ያላለችውን ግን አልጽፍም።

ደና ሁኚልኝ፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ሽታ ለቃሚው

ከልጄ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ፤ ዓርብ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን